ስምንት ለስምንት፦ የኒኮል ዴቪድና የኑር ኤል ሸርቢኒ ዋንጫዎች ለምን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም

በሜይ 2025 ግብፃዊቷ ኑር ኤል ሸርቢኒ ቺካጎ ላይ የአገሯን ልጅ ሃኒያ ኤል ሃማሚን በፍጻሜ ረትታ ስምንተኛ የዓለም የስኳሽ ሻምፒዮና ዋንጫዋን አነሳች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእሷ በፊት እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ማሌዥያዊቷ ኒኮል ዴቪድ፣ ያውም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ የስኳሽ ወዳጆች ሲገናኙ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ትበልጣለች?

ቁጥሩ እኩል ሲሆን መልሱ ወደ ስሜት ያደላል። ሁለቱን ስምንቶች ፈታ አድርጎ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ዋንጫዎቹ የተገኙት በተለያየ የነጥብ አቆጣጠር፣ ቁመቱ በተለያየ ቲን (የፊት ግድግዳው ሥር ያለው የቆርቆሮ ሰሌዳ) እና ፈጽሞ በማይመሳሰሉ ተጋጣሚዎች ፊት ነው። የዴቪድ ታላቅነት ዓመት ከዓመት፣ ወር ከወር ሳይናወጡ መቆየት ነው። የሸርቢኒ ደግሞ ከሁሉም በላይ በምታስፈልገው አንዲት ሳምንት ከሁሉም በላይ ሆኖ መገኘት። ይህን ልዩነት ማወቅ ስኳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በሚገባበት በ2028 ምን እንደሚጠብቀን ለመገመትም ይረዳል።

ሜዳው የሚጠይቀው

የስኳሽ ሜዳ 9.75 ሜትር ርዝመትና 6.4 ሜትር ስፋት ያለው ባለ አራት ግድግዳ ክፍል ነው። መሃል ላይ መረብ የለም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች እዚያው እየተላለፉ፣ አንዳንዴም እየተገፋፉ፣ ኳሱን በየተራ ወደ ፊት ግድግዳ ይመታሉ። ኳሱ ከላይ 4.57 ሜትር ላይ ከተሰመረው መስመር በታች፣ ከሥር ደግሞ ቲን ከሚባለው የቆርቆሮ ሰሌዳ በላይ ማረፍ አለበት። ቲኑን ከነካ ነጥቡ የተጋጣሚ ነው። ቆርቆሮው ራሱ ስለሚጮህ በዚህ ላይ ክርክር እምብዛም የለም።

ኳሱ 24 ግራም የሚመዝን፣ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጎማ ነው። በከፍተኛ ውድድር የሚያገለግለው ባለ ሁለት ቢጫ ነጥብ ኳስ ቀዝቃዛ ሲሆን አይነጥርም ማለት ይቻላል። ተጫዋቾቹ ከግጥሚያ በፊት አብረው ገብተው የሚመቱት ሰውነታቸውን ለማፍታታት ብቻ ሳይሆን ኳሱን ለማሞቅም ነው። ሙቀት የጨዋታውን ጠባይ ይለውጠዋል። ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ኳሱ ከፍ ብሎ ስለሚነጥር ሩጫ የምትችል ሁሉ ትደርስበታለች፤ ምልልሱም ይረዝማል። ጊዛ ላይ ፒራሚዶቹ ሥር በሚተከለው የመስታወት ሜዳ ግን የበረሃው ምሽት ሲቀዘቅዝ ኳሱ ይሞታል፤ ያኔ አጭር ምት ያላት ተጫዋች ትበልጣለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቀን ግጥሚያና የማታ ግጥሚያ ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የሁሉም ነገር መነሻ ቀጥታ ድራይቭ ነው። ኳሱ የጎን ግድግዳውን ታክኮ ሄዶ መጀመሪያ ከሰርቪስ ሳጥኑ (ምልልስ የሚጀምረው ምት ከሚመታበት ቦታ) ጀርባ መንጠር አለበት፤ ሁለተኛው ንጥረት የኋላ ግድግዳው ሥር ይለቃል። ካጠረ ተጋጣሚዋ መሃል ላይ እንደቆመች መሬት ሳይነካ በአየር ትመታዋለች፤ ይህ ቮሊ ይባላል። ከረዘመ ከኋላ ግድግዳ ተመልሶ የተመቻቸ ኳስ ይሆንላታል። ርዝመቱ ልክ ሆኖ ከጎን ግድግዳው ግማሽ ሜትር ቢርቅ እንኳ ተጋጣሚዋ ቀጥታም፣ በአግድምም፣ አጭርም ለመምታት ነፃ ናት። ግድግዳውን ልጥፍ ያለ ኳስ ግን ራኬቱ ግድግዳውን ሳይፍቅ አይነሳም፤ የሚመለሰው ኳስም ደካማ ይሆናል።

መሃል ላይ፣ ከኋላ ግድግዳ 4.26 ሜትር ርቀት ላይ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ቲ ይባላል። በእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጽ የተሰየመ ነው፤ ከቆርቆሮው ቲን ጋር አይምታታ። ይህን ቦታ የያዘች ተጫዋች ወደ አራቱም ማእዘን በሁለት ወይም ሦስት እርምጃና በአንድ ረጅም ስንዘራ ትደርሳለች። የተባረረችዋ ግን እጥፉን ትሮጣለች። ከሩቅ ሲታይ ስኳሽ የመምታት ጨዋታ ይመስላል፤ በቅርብ ላየው ግን አብዛኛው ፉክክር ይህን ቦታ ለመያዝና ሌላዋን ከዚያ ለማስወጣት ነው።

የዴቪድ ዘመን

ኒኮል ዴቪድ በ1983 ፔናንግ ውስጥ ተወለደች። በ1998 ባንኮክ ላይ ገና በ15 ዓመቷ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወሰደች። የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናን በ1999 አሸነፈች፤ በ2001 ደግመችው። ከወጣትነት ወደ አዋቂዎች ውድድር መሻገሩ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። በ2002 ቡሳን ላይ በእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ በሆንግ ኮንጓ ርቤካ ቺው ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ አገሯን ለቃ አምስተርዳም ገባች፤ አሰልጣኟም የቀድሞዋ የዓለም ሁለተኛ አውስትራሊያዊቷ ሊዝ ኧርቪንግ ሆነች።

አምስተርዳም ላይ የተሠራው ዋና ነገር እግሯ ነው። ስኳሽ ውስጥ ፍጥነት ሲባል ብዙ ሰው ሩጫ ይመስለዋል። ዴቪድን የለየቻት ግን ተጋጣሚዋ ኳሱን በምትመታበት ቅጽበት በሁለት እግሯ የምታደርጋት ትንሽ ፈንጠር ናት። ክብደቷ በእግር ጣቶቿ ላይ ስለሚያርፍ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ለመነሳት ዝግጁ ናት። ይህችን ፈንጠር ቀድማ የሠራች ተጫዋች በተሳሳተ አቅጣጫ ትነሳለች፤ ዘግይታ የሠራች ደግሞ ኳሱ ካለፈ በኋላ ትነቃለች። ልዩነቱ የሰከንድ ሽራፊ ነው።

ይህ የሚገነባው ያለ ኳስ በሚሠራ ልምምድ ነው። ተጫዋቿ ከቲ ተነስታ አሰልጣኙ በጣቱ ወደሚጠቁመው ማእዘን ሄዳ ባዶ አየር ትመታለች፣ ትመለሳለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። የተለመደው መጠን 45 ሰከንድ ሥራ፣ 45 ሰከንድ እረፍት፣ አሥር ዙር አካባቢ ነው። የሚበላሸውም እዚሁ ነው፦ ስድስተኛ ሰባተኛው ዙር ላይ ድካም ሲመጣ ራኬቱ ይወርዳል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ተጫዋቿ ቲ ላይ ሳትረጋ አቋርጣ ታልፋለች። ጎበዝ አሰልጣኝ እዚያ ላይ ያስቆማታል። በመጥፎ ቅርጽ የተሠራ ድግግሞሽ ሰውነት ያንኑ መጥፎ ቅርጽ እንዲለምድ ያደርጋል፤ ጉልበትና ጅማትንም ይጎዳል።

ውጤቱ ብዙም አልዘገየም። በ2005 ሆንግ ኮንግ ላይ ራቼል ግሪንሃምን አሸንፋ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ወሰደች። በ2006 ቤልፋስት ላይ የራቼልን እህት ናታሊ ግሪንሃምን በአምስት ጌም (ግጥሚያው በሚከፋፈልባቸው ዙሮች) ረታች፤ 1-9፣ 9-7፣ 3-9፣ 9-5፣ 9-2። ከዚያም 2008፣ 2009፣ 2010፣ 2011፣ 2012 እና 2014። እዚህ ላይ ብዙ የማይነሳ አንድ ነገር አለ፦ ስምንት ጊዜ ለዓለም ፍጻሜ ደርሳ ስምንቱንም አሸንፋለች። በ2007 ማድሪድ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኒውዚላንዳዊቷ ሼሊ ኪቸን ወድቃለች፤ ለፍጻሜ ከደረሰች ግን የተረፈላት የለም።

ለኔ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚከብደው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። ከኦገስት 2006 እስከ ሴፕቴምበር 2015 ለ108 ተከታታይ ወራት፣ ማለትም ለዘጠኝ ዓመታት፣ የዓለም ቁጥር አንድ ነበረች። የስኳሽ ደረጃ የሚሰላው በአማካይ ነው፦ ባለፉት 12 ወራት የተገኘው ነጥብ በተጫወቷቸው ውድድሮች ብዛት ይካፈላል፤ ጥቂት ብቻ ተጫውቶ አማካይን ከፍ እንዳያደርጉ ደግሞ ዝቅተኛ አካፋይ ተቀምጧል። በዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ዋንጫ ሌሎች ሽንፈቶችን አይሸፍንም። ሁለተኛ ዙር ላይ የወደቀች ሁሉ አማካይዋ ዝቅ ይላል፤ ከዓመት በፊት ያሸነፈችው ውድድር ነጥቡ ሲያረጅ ያንኑ ዳግም ማሸነፍ አለባት። 108 ወር መቆየት ማለት ለዘጠኝ ዓመታት መጥፎ ወቅት የሚባል አልነበራትም ማለት ነው። በጠቅላላው ጉብኝት በሚባለው የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች የውድድር ዙር 81 ዋንጫ ወስዳለች።

ከ9 ወደ 11፣ ከ48 ወደ 43

በዚያ መካከል ጨዋታው ራሱ ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

የመጀመሪያው ለውጥ የነጥብ አቆጣጠር ነው። እስከ 2008 ድረስ የሴቶች ጨዋታ እስከ 9 ነበር፤ ነጥብ የምታገኘውም ሰርቪስ የያዘችዋ ብቻ ነች። ተቀባይዋ ምልልሱን ብታሸንፍ ሰርቪሱን ትወስዳለች እንጂ ሰሌዳው አይንቀሳቀስም። በዚህ ዘዴ 8-2 የምትመራን ተጫዋች መድረስ ይቻላል፤ ጉልበት ያላት ተጋጣሚዋን አድክማ ትመለሳለች። ከላይ ያየነው የቤልፋስቱ ፍጻሜ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በ2008 ግን ሴቶቹ እስከ 11 ወደሚቆጠረውና እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ ወደሚሆንበት ዘዴ ገቡ። አሁን መጥፎ ጅማሬ ዋጋ ያስከፍላል፤ በስህተት የጠፉ አራት ኳሶች የጌሙ ሲሶ ናቸው። ብዙዎች ይህ ዴቪድን ይጎዳል ብለው ነበር። አልጎዳትም፤ ከስምንቱ ስድስቱን ያሸነፈችው በአዲሱ አቆጣጠር ነው። ስህተት የማትሠራ ተጫዋች በየትኛውም ቆጠራ ትጠቀማለች።

ሁለተኛው ለውጥ ግን ሌላ ነው። በ2015 መጀመሪያ የሴቶቹ ማኅበር ከወንዶቹ የፕሮፌሽናል ስኳሽ ማኅበር ጋር ተዋሃደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሴቶች ቲን ከ48 ሴንቲሜትር ወደ 43 ሴንቲሜትር፣ ወንዶቹ ወደሚጫወቱበት ከፍታ ወረደ። አምስት ሴንቲሜትር ለተመልካች ምንም አይደለም። ድሮፕ ስትመታ ከቲኑ አንድ ስንዝር የማይሞላ ከፍ አድርጋ ለምታነጣጥር ተጫዋች ግን ብዙ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው። ድሮፕ ኳሱን በዝግታ ቲኑ አናት ላይ አሳርፎ ፊት ለፊት ማእዘን ላይ መግደል ነው። ኳሱ የፊት ግድግዳውን በነካበት ከፍታ መጠን ወደ ወለሉ የሚወርድበት ጊዜና ወደ መሃል የሚመለስበት ርቀት ይወሰናል። ቲኑ ከፍ ሲል ኳሱ ትንሽ ከፍ ብሎ መነሳት ግድ ስለሚሆን ሯጯ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ታገኛለች። ሲወርድ ያቺ እርምጃ ትጠፋለች። በኃይል ዝቅ ብሎ የሚመታ ኳስም ሁለተኛ ንጥረቱ ቶሎ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአጥቂዋ ድፍረት ይጨምራል፦ ቆርቆሮው ቀድሞ ይቀጣት የነበረው ምት አሁን ነጥብ ይሆናል፤ በጨዋታ አሥር ጊዜ ትሞክር የነበረችው ሃያ ጊዜ ትሞክራለች። የግድግዳና የወለል መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ተንከባልሎ የሚሞተው ኒክ የሚባለው ምትም ዋጋው ይወደዳል።

ዴቪድ የቁጥር አንድ ቦታዋን ያጣችው በዚያው ሴፕቴምበር ነው። ተረካቢዋ ግብፃዊቷ ራኒም ኤል ወሊሊ ነበረች። ጥፋቱን በሙሉ ለቲኑ መስጠት ግን ልክ አይመስለኝም። የሴፕቴምበር ደረጃ የሚሰላው ቀደም ባሉት 12 ወራት፣ በድሮው ቲን በተገኘ ነጥብ ነው፤ ራኒም ከፍታው ሳይለወጥ በፊትም ደርሳባት ነበር። በ2014 ካይሮ ላይ በተደረገው የዓለም ፍጻሜ ራኒም ሁለት ጌም ለአንድ እየመራች በአራተኛው ጌም የሻምፒዮንነት ነጥብ ላይ ደጋግማ ደርሳ ነበር፤ ዴቪድ 14-12 አድርጋ አመለጠች፣ አምስተኛውንም 11-5 ወሰደች። ስምንተኛ ዋንጫዋ ይህ ነው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ደግሞ የትውልድ ከተማዋ ፔናንግ ባዘጋጀው ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ላይ በአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ተሸንፋለች። ያቺ ልጅ ኑር ኤል ሸርቢኒ ናት። ማለትም ዕድሜዋ 32 ሲደርስ፣ የግብፅ ትውልድ ሲበስልና ቲኑ ሲወርድ ሦስቱ በአንድ ላይ መጡ። የቲኑ ድርሻ ከወረደችበት እንዳትመለስ በሩን መዝጋቱ ነው። በሜይ 2019 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገው ብሪቲሽ ኦፕን ላይ ተጫውታ ራኬቷን ሰቀለች።

ግብፅ ለምን?

የመንግሥት ገንዘብ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በከፊል ብቻ ልክ ነው። በ1996 ፒራሚዶቹ ሥር የመስታወት ሜዳ ተተክሎ አል አህራም የሚባለው ውድድር ሲካሄድ ወጣቱ አህመድ ባራዳ ለፍጻሜ ደርሶ በፓኪስታናዊው ጃንሸር ካን ተሸነፈ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ታየ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ክለብ ላኩ። ይህ ብልጭታው ነው። እሳቱን ያቆየው ግን የክለቦቹ አቀማመጥ ነው። የግብፅ ስኳሽ በሁለት ከተሞች፣ በካይሮና በአሌክሳንድሪያ ተከማችቷል። ሜዳዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ በሚቀጥለው ሜዳ የዓለም አምስተኛዋ ትለማመዳለች። ጠንካራ ተጋጣሚ ለማግኘት አውሮፕላን አያስፈልጋትም፤ ዴቪድ ግን ይህንኑ ፍለጋ ከፔናንግ አምስተርዳም ድረስ መሄድ ነበረባት።

አጨዋወታቸውም ከዚያ ይመነጫል። የአውሮፓና የአውስትራሊያ አሰልጣኞች ለዘመናት ልጆችን መጀመሪያ ርዝመት፣ ከዚያ ትዕግሥት፣ በመጨረሻ ማጥቃት ያስተምሩ ነበር። የግብፅ ልጆች ገና በትንሽነታቸው ከመሃል ሜዳ ድሮፕ መምታትና ራኬት ማዘግየት ይፈቀድላቸዋል። ራኬት ማዘግየት ማለት እጅ ተነስቶ ዝግጁ ሆኖ ምቱን በመጨረሻዋ ቅጽበት መወሰን ነው፤ ተጋጣሚዋ ፈንጠር የምትልበትን ጊዜ ያሳጣታል። የዴቪድን ዋና መሣሪያ በቀጥታ የሚመታ ዘዴ ይኸው ነው። የቲኑ መውረድ ለዚህ አጨዋወት የተበጀ እስኪመስል ድረስ ተስማማው። ከሜይ 2016 ጀምሮ እስከ 2025 የሴቶች ቁጥር አንድ ቦታ ከግብፃውያን እጅ አልወጣም።

የሸርቢኒ ስምንት

ኑር ኤል ሸርቢኒ በኖቬምበር 1995 አሌክሳንድሪያ ውስጥ ተወለደች። በ2009 በ13 ዓመቷ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 በ16 ዓመቷ ለብሪቲሽ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳ በዴቪድ ተሸነፈች፤ ሦስቱም ጌም 11-6 ነበር። በ2014 ፔናንግ ላይ ዴቪድን ከጣለች በኋላ ፍጻሜውን በአምስት ጌም ለእንግሊዛዊቷ ሎራ ማሳሮ ለቀቀች። በኤፕሪል 2016 ኩዋላ ላምፑር ላይ ያችኑ ማሳሮን አገኘቻት። 6-11፣ 4-11 ከተመራች በኋላ 11-3፣ 11-5፣ 11-8 አድርጋ በ20 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከግብፅ ሴቶች የመጀመሪያዋ።

ከዚያ 2017 ኤል ጉና፣ 2019 መጀመሪያ ላይ ቺካጎ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ካይሮ፣ 2021 ቺካጎ፣ 2022 ካይሮ፣ 2023 ቺካጎ፣ 2025 ቺካጎ። የተሸነፈችባቸው ፍጻሜዎችም አሉ፤ በ2014 በማሳሮ፣ በ2017 መጨረሻ ማንቸስተር ላይ በራኒም፣ በ2024 ካይሮ ላይ በኑራን ጎሃር። አሥራ አንድ ፍጻሜ፣ ስምንት ድል ማለት ነው። ዴቪድ ስምንት ከስምንት ነች፤ ሸርቢኒ ግን በ11 ፍጻሜ መገኘቷ ራሱ ሌላ ዓይነት ክብደት አለው።

በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ እንደ ዴቪድ ያለ ያልተቋረጠ ንግሥና አላገኘችም። ቦታውን ከራኒም ጋር፣ ኋላም ከጎሃር ጋር ስትቀባበል ኖራለች። ጎሃር ኳስ በኃይል እየመታች ተጋጣሚዋን ወደ ኋላ የምትገፋ፣ ከውድድር ውድድር የማትወርድ ናት፤ አማካይ የሚወዳት ተጫዋች። ሸርቢኒ ከእሷ ይልቅ ተለዋዋጭ ናት፤ በአንዳንድ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ላይ ትቀራለች። የዓለም ሻምፒዮና ላይ ግን ስድስት ዙር ተጫውቶ ማሸነፍ ይጠይቃልና እሷ ጉልበቷን ለመጨረሻዎቹ ሦስት መቆጠብ ታውቃለች። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ምልልሱን በቮሊ ታሳጥራለች። ቲ ላይ ቆማ የግራ እጅ ወገን የሚመጣውን ኳስ መሬት ሳይነካ ቆርጣ ፊት ማእዘን ላይ ስትጥለው ተጋጣሚዋ ትሮጣለች፣ እሷ ትቆማለች። እዚህ ጨዋታ ውስጥ የተቆጠበ እያንዳንዱ ሩጫ ቅዳሜና እሑድ ላይ ዋጋ አለው።

ታዲያ ማን? ለኔ፣ የማይናወጥ የበላይነት ከሆነ የሚፈለገው ዴቪድ፤ ከጠንካራ ተጋጣሚዎች መካከል ዋንጫ መንጠቅ ከሆነ ሸርቢኒ። አንዲትን ብቻ ምረጥ ካሉኝ የ108 ወሩ ሚዛን ይደፋል። ከሁለቱም በፊት ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ሄዘር ማኬይ እንደነበረች የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከ1962 እስከ 1977 ብሪቲሽ ኦፕንን 16 ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች።

ገላና ገንዘብ

የዚህ ሥራ ዕድሜ የሚያጥረው በአብዛኛው ከወገብ በታች ነው። በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ተጫዋቿ ደጋግማ በአንድ እግሯ ረጅም ስንዘራ ወስዳ፣ ቆማ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ትገፋለች። ጫናው የሚያርፈው ጉልበት፣ ዳሌና አኪሊስ በሚባለው የተረከዝ ጅማት ላይ ነው። ኒውዚላንዳዊቷ ጆኤል ኪንግ በ2014 አኪሊሷ ተበጥሶባታል። አሜሪካዊቷ አማንዳ ሶቢ በ2017 የግራውን፣ በ2021 የቀኙን በጥሳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በሩጫ መሃል ሳይሆን ከቆመችበት በድንገት ስትገፋ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ውስጥ የባት ጡንቻን በክብደት ማጠንከር፣ ተረከዝን ከደረጃ ጫፍ ላይ በዝግታ ማውረድና በውድድር መካከል የሚሠሩትን ዝላዮች መቀነስ ይገባሉ። ላብ የነጠበበት የመስታወት ሜዳ ወለልም ሌላው ጠላት ነው፤ ጨዋታ ቆሞ ወለል ሲጠረግ ተመልካች ቢሰለችም ያለ ምክንያት አይደለም።

ገንዘቡ ተሻሽሏል። ዩኤስ ኦፕን በ2013 ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ሽልማት ከፈለ። በ2019 ቺካጎ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጠቅላላ ሽልማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ግማሹ ለሴቶች፣ ግማሹ ለወንዶች ነበር። ነገር ግን ሽልማት ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ይቀንሳል። በመጀመሪያ ዙር የምትወድቅ ተጫዋች የሚደርሳት የአውሮፕላን ትኬቷን ላይሸፍን ይችላል፤ አሰልጣኝና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዞ መጓዝማ የጥቂቶች ነው። ብዙዎቹ በአውሮፓ የክለብ ሊጎች በመጫወትና ልጆችን በማሰልጠን ይደጉማሉ። ሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን መንገድ ይመርጣሉ፤ ሶቢ ከሃርቫርድ፣ የማሌዥያዋ ሲቫሳንጋሪ ሱብራማንያም ከኮርኔል ወጥተዋል። አራት ዓመት ከጉብኝት መራቅ ደረጃን ቢጎዳም ከስኳሽ በኋላ ያለውን ሕይወት ያስተማምናል።

የመሰናበቻውም ጊዜ ከዕድሜ ብቻ አይመጣም። ራኒም ኤል ወሊሊ በ2020 የዓለም ቁጥር አንድ ሆና ሳለ በ31 ዓመቷ አቆመች። ኑር ኤል ታይብ ደግሞ በ2021 ልጅ ወልዳ ተመልሳ ምርጥ አሥር ውስጥ ገብታለች።

ሎስ አንጀለስ

ስኳሽ ለ2012፣ ለ2016 እና ለ2020 ኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። በእነዚያ ዘመቻዎች ፊት የነበረችው ዴቪድ ነች፤ የዓለም ዋንጫዎቿን በአንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ብትለውጥ ደስ እንደሚላት በአደባባይ ተናግራለች። በኦክቶበር 2023 ሙምባይ ላይ ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሎስ አንጀለስ 2028 ሲፈቅድ እሷ ካቆመች አራት ዓመት አልፎ ነበር።

ውድድሩ ለ16 ሴቶችና ለ16 ወንዶች ብቻ ነው፤ ከአንድ አገር በአንድ ጾታ ቢበዛ ሁለት። ይህ ቁጥር ሴቶቹን ከወንዶቹ የበለጠ ይነካል። ከዓለም ምርጥ አምስት ሦስትና አራቱ ግብፃውያን በሆኑበት ዘመን፣ በየትኛውም ሌላ አገር ቢወለዱ ሜዳልያ የሚጠበቅባቸው ተጫዋቾች ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያሉ። ሸርቢኒ በጁላይ 2028 ዕድሜዋ 32 ይሆናል፤ ዴቪድ ከዙፋኗ የወረደችበት ዕድሜ። ጎሃርና ሃማሚ በዕድሜ ከእሷ ያንሳሉ። ከኋላ ደግሞ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናን በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የወሰደችው አሚና ኦርፊ አለች፤ በ2007 የተወለደች።

ሁለት ቦታ፣ ቢያንስ አራት ባለ መብት። ምርጫው በደረጃ ከሆነ አማካይ ይወስናል፤ አማካይ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሸርቢኒን ሳይሆን በየሳምንቱ የማይወርዱትን ይወዳል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ለእሷ የሚጠቅማት ዘጠነኛ የዓለም ዋንጫ ብቻ ሳይሆን በየመካከሉ ያሉት ተራ ውድድሮች ሩብ ፍጻሜዎች ናቸው፤ ዴቪድ ለዘጠኝ ዓመት ያልጣለቻቸው ዓይነት። ለማሌዥያዋ ሲቫሳንጋሪ ግን ያው ገደብ በር ከፋች ነው፤ በሩብ ፍጻሜ ልታገኛት የምትችለው ግብፃዊት ቁጥር ከወዲሁ በሁለት ተወስኗል።